አልሰረዝም ያለው የከድር ፎልደር

ጂን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ድሮም ፊቴን አዙሬ ነው የምስቀው፣ ሥራ የፈታ ሰው ወሬ ነው እላለሁ፣ አሁንም ያው ነኝ፤ ይህን የምነግርህ እንድትፈራ ሳይሆን ከእኔ የተሻለ ማብራሪያ ካለህ እንድትሰጠኝ ነው።

ቢሮው ሁሉ በአንድ ለአምስት የተደራጀበት ዘመን ነው፣ ቡታጅራ ላይ የገበሬውን ማሳ የሚመዘግብ ፕሮግራም ከከድር ጋር እሠራ ነበር፣ እሱ እዚያው አጠገብ የቆሼ ከተማ ልጅ፣ እኔ ከደሴ በምደባ የመጣሁ፣ እውነቱን ልንገርህና እንቀው ነበር፤ አንድ መስመር ለመጻፍ ግማሽ ቀን ያስባል፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ ጽፎ ሲጨርስ ደግሞ የመጨረሻዋን ቁልፍ ሚስማር እንደሚመታ ሰው ነው የሚመታት።

አንድ ቀን ፕሮግራሙ ባል ሞተ ተብሎ ሲሞላ የሚስትየዋን ስም አብሮ ያጠፋል አለኝ። ወይዘሮ ዘይነባ የምትባል በርበሬ አምራች ነበረች፣ በእሷ ስም ሲሞክረው ማሳዋ ለባሏ ወንድም ተላልፎ አይቷል። ለአንዲት ሴት ብለን ሥራ አናቆምም አልኩት። እሱ ግን ማስተካከያውን በተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ላይ ለብቻው ጀመረው፣ ሳይጨርስ ዲስኩን ይዞ ወደ ቆሼ ሲሄድ ከነሞተር ሳይክሉ ጎርፍ ወሰደው። አስከሬኑ ተገኘ፣ ሃርድ ዲስኩ አልተገኘም።

አሁን ይህችን ልብ በል፣ ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚመዘግብልን ሶፍትዌር ነበረን፣ እያንዳንዳችን የምንሠራበት ፎልደር የት እንዳለ በዝርዝር ይይዛል፣ ፎልደሩ ከጠፋም ስሙን አይለቅም፣ «የለም» ብሎ ይጽፍበትና አጽዳ እስክትለው ይጠብቃል፣ ጅል ነገር ነው።

ከድር በተቀበረ በወሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ኔትወርክም ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ብቻዬን በላፕቶፕ ባትሪ እሠራለሁ፣ ሰኞ ፕሮግራሙ ሊጀመር ነው። ዝርዝሩን አወጣሁ፣ አንዱ የእኔ ፎልደር፣ ሁለተኛው የከድር፣ በጠፋው ዲስክ ላይ የነበረው፣ «የለም» ይላል። አጽዳ አልኩት፣ ጸዳ፣ አንድ መስመር ብቻ ቀረ፣ እመነኝ ምንም አልተሰማኝም።

ወዲያው ከከድር ጠረጴዛ በኩል ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ጣሪያው ያፈሳል አልኩ። ኮምፒውተሩን ሌላ የሥራ ክፍል ወስዶታል፣ የቀረችው ኪቦርዷ ብቻ ናት፣ ገመዷ ተጠቅልሎ፣ ሄጄ ዳሰስኳት፣ ደረቅ ናት። ተመልሼ ስቀመጥ ድምፁ ቀጠለ።

ጥበቃችን ጋሽ ሸምሱ ከሶላት ሲመለስ በበሩ አንገቱን አስገባና ሰላምታ ሰጠኝ፣ ከዚያ ክፍሉን ቃኘት አድርጎ «ብቻህን ነህ እንዴ?» አለኝ።

«ከማን ጋር ልሆን ነው?»

«ከድር መስሎኝ ነው። እንዲህ የሚመታው እሱ ነበር» አለ፣ እንደ ዋዛ። ከዚያ የተናገረው ለራሱም የገባው መሰለኝ፣ ኢና ሊላሂ እያለ ወደ ግቢው በር ሄደ። ሽማግሌ ነው፣ ጆሮው ደክሟል ብዬ ናቅኩት፣ ግን የሰማው ድምፅ እኔ የምሰማው ነው።

ዝርዝሩን እንደገና ጠየቅሁ። ሁለት መስመር። የከድር ፎልደር ተመልሷል፣ አሁንም «የለም» ይላል፣ አጠገቡ ግን «ተቆልፏል» የሚል ተጨምሯል፤ ዲስኩን ይዞ የሚሄድ ሰው ሌላው እንዳያጸዳበት የሚቆልፈው ነው፣ ምክንያትም ይጻፍበታል። ምክንያቱ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፣ እየሠራሁበት ነው ይላል።

አጽዳ አልኩት፣ መስመሩን ሳይነካ አለፈው። ቁልፉን የምታነሳ ትእዛዝ አለች፣ ጻፍኳት፣ ጣቴን ግን ማውረድ አቃተኝ፣ እኔ፣ በሰው ፍርሃት የምስቀው ሰውዬ! ዝናቡ አባራ፣ ጣሪያው ጸጥ አለ፣ ድምፁ አላቆመም። ባትሪው ሊያልቅ ሲል አንድ ኃይለኛ ምት ተሰማ፣ ከዚያ ምንም።

የለውጦቹን መዝገብ ሳይ በከድር ስም አዲስ ለውጥ ገብቷል፣ ሰዓቱ የዚያች ደቂቃ ነው። በወይዘሮ ዘይነባ ሞከርኩት፣ ባሏ ሞተ ብዬ ሞላሁ፣ ስሟ ማሳዋ ላይ ቀረ።

ሰኞ ፕሮግራሙ ከነማስተካከያው ተጀመረ። ኮድ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ የማያውቀው አለቃችን በስብሰባ ላይ ጥንቃቄዬን አመሰገነ፣ ሰዉ አጨበጨበ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ ተመሰገንኩ። ከሁሉም የናቅሁት የዚያን ቀን ራሴን ነው።

በኋላ ወልቂጤ ተዛወርኩ፣ አዲስ ላፕቶፕ ተሰጠኝ፣ ሥራውን ገለበጥኩበት። የፎልደሮቹ ዝርዝር ግን በድሮው ላፕቶፕ ላይ ይቀራል እንጂ አብሮ አይገለበጥም፣ ይህን ጀማሪ ተማሪም ያውቃል፣ አንድ መስመር ብቻ መሆን ነበረበት። ሁለት ነው። ምንም ሃርድ ዲስክ አልተሰካም፣ ሁለተኛው፣ የከድር መስመር ላይ ግን «የለም» የሚለው ጽሑፍ አሁን ተነስቷል።