የፈላው ናሙና

«ጠርሙሶቹን ማን ሞላቸው?»

ቆቅ የፍሪጁን በር እንደያዘች ቀረች። ጠዋት መደርደሪያ ላይ ባዶአቸውን ትታቸው የሄደችው ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች አሁን እስከ አፋቸው ጢም ብለው፣ ክዳናቸው ጠብቆ፣ ከእንቁላሉ አጠገብ ቆመዋል። ውስጣቸው ያለው ውሃ ጥርት ያለ ነው።

«እኔ ነኛ!» አለች እናቷ ከጓሮ በር ላይ። ለችግኝ መትከያ አፈር የምትሞላበትን ፕላስቲክ እንደያዘች ነው። «ከትምህርት ቤት ደክሞሽ ስትመጪ ደግሞ ውሃ ስትቀጂ እንዳላይሽ ብዬ። አረፋ እንዳይኖረው ስትዪ ሰምቻለሁ፤ ገልብጬ አይቼዋለሁ። ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ ብለሽ አልነበር? ይኸው!»

«ከጉድጓዱ ነው የቀዳሽው?»

«ታዲያ ከየት ላመጣ? ግን ጥሬውን እንዳለ እሰጣለሁ እንዴ! አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልዬ ነው። ሰው ፊት የሚቀርብ ውሃ አይደል? ኋላ ምን ይሉናል?»

ልጅቷን ትምህርት ቤት ቆቅ የሚሏት ምንም ነገር ስለማያመልጣት ነው። አሁን ግን ይሄኛው ምነው ባመለጠኝ ብላ ተመኘች።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ወደ ሳይንስ ክበባቸው የመጣችው ባለፈው ሳምንት ነበር፤ ከየቤታቸው ጉድጓድ ናሙና ቀድተው እንዲያመጡ ጠርሙስ ሰጥታቸዋለች። ከሰፈሩ ጀርባ ያለው ፋብሪካ ቆቅ ሳትወለድ ነው የተዘጋው። ድሮ የብረት ዕቃ ይሠራበት ነበር፤ የብረቱን ቅባት ያጥቡበት የነበረውን ኬሚካል ደግሞ ሠራተኞቹ ሲቆሽሽባቸው ግቢው ጀርባ ይደፉት ነበር። ክፋት አልነበረም፤ የት ይድፉት?

«ይሄ ኬሚካል ከውሃ ይከብዳል» ብላ ነበር ባለሙያዋ። «አፈሩን ሰንጥቆ እየሰመጠ የከርሰ ምድር ውሃው ላይ ይደርሳል። አይታይም። በጣም ካልበዛ አይሸትም። አየር ካገኘ ግን በኖ ይጠፋል። ስለዚህ ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ካለ ናሙናው ዋጋ የለውም።»

«እንግዲያው ብናፈላው ይለቃል ማለት ነዋ!» አለ አንዱ ቀልደኛ ከኋላ። «ተገላገልን!»

«ከውሃው ይወጣል። ከዚያስ የት ይሄዳል? ቤታችሁ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ የምትተነፍሱትም እናንተ ናችሁ።»

የሳቀ አልነበረም። ቆቅ ከመሬት ውስጥ በምን እንደሚወጣ ጠየቀቻት። «ረጅም ዓመት ይፈጃል» አለች ባለሙያዋ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም።»

ቆቅ ይሄን ሁሉ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ጠርሙሶቹን አየቻቸው።

«ስለዚህ እነዚህን ከሰጠናቸው ጉድጓዱ ንጹሕ ነው ይላሉ?»

«አዎ፣ ግን ንጹሕ ስለሆነ ሳይሆን ተኖ...»

«በቃ። እነዚህን ስጪያቸው።»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትይኛለሽ? የጎረቤታችንን የጫማ ሰፊውን ጉድጓድ አላየሽም? መርምረው ቀይ ቀለም ቀቡት፣ ቆለፉበት፣ ሄዱ። ውሃ አመጡለት? ቧንቧው እንደሆነ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። እኔ ይሄን ሁሉ ችግኝ በምራቄ ላጠጣው?»

ቆቅን ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። የእናቷ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ስትሰማ ግን ሳቁ ጠፋ።

«ሆድ ይፍጀው» አለች እናቷ። «አንቺም አላየሽ፣ እኔም አልሰማሁ።»

ማታ ታናሽ ወንድሟ ሳሉ ተነሳበት። ማሙሽ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደረቱ ደካማ ነው፤ ትንሽ ብርድ ሲነካው እናቱ ውሃ አፍልታ፣ ሳፋ ላይ አስጎንብሳው፣ ከላይ ፎጣ ታከናንበዋለች። እሱም ይወደዋል፤ «ድንኳኔ» ይለዋል። ቆቅ ከማድቤት ስትወጣ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ነበር። እንፋሎቱ በፎጣው ዳር ይወጣል።

የባለሙያዋ ቃል ትዝ አላት። ዝም ልትል ፈለገች፤ ከልቧ ፈለገች።

«እማዬ፣ እንፋሎቱ ይቅርበት።»

«ለምን? ዝም ብሎ ይሳል?»

«ሲፈላ የሚወጣው... ወደ አየሩ ነው ብላለች።»

 እናቷ ፎጣውን አነሳችው።

«ድንኳኔን መልሱ!» ብሎ ጮኸ ማሙሽ፣ ፊቱ በላብ ርሶ ቀልቷል።

 እናቱ ሳፋውን አንስታ ውጭ ደፋችው፣ መስኮቱን ከፈተችው፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ማሙሽ ስንት ጊዜ እዚያ ፎጣ ሥር እንደተቀመጠ ሁለቱም አልተጠያየቁም።

«ይሻለዋል ብዬ እኮ ነው» አለች እናቷ።

ቆቅ አጠገቧ ተቀመጠች።  «የኛ ጉድጓድ ላይኖርበት ይችላል» አለች።

«ላይኖርበት ይችላል» አለች እናቷ፣ የምታምን ግን አትመስልም ነበር።

ጎህ ሲቀድ ቆቅ ተነሳች። የፈላውን ውሃ ጠርሙሶች ከፍሪጅ አውጥታ ወደ ጎን አስቀመጠቻቸው። ድንገት ቢሰበር ተብሎ የተሰጣት ትርፍ ጠርሙስ ነበራት። እሱን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

ቆሞ የከረመው ውሃ እንዲወጣ መጀመሪያ የቀዳችውን ሁሉ ደፋችው። ቀጥሎ የመጣውን በጠርሙሱ ግድግዳ በኩል ቀስ አድርጋ አንቆረቆረችው፣ ከደነችው፣ ገለበጠችው። ምስር የምታክል አረፋ ወደ ላይ ወጣች። ከፍታ ጨመረችበት። አሁንም አረፋ። ጠርሙሱን ደፋችው።

ከኋላዋ የጓሮው በር ሲከፈት ሰማች። ቁጣውን ጠበቀች፤ ዞራ አላየችም።

እናቷ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ችግኞቹን አየቻቸው፤ ገና ያልጠጡ ናቸው። ከዚያ ባልዲውን ከእጇ ተቀበለቻት።

«ገመዱን ለኔ ተዪው» አለች። «አንቺ ጠርሙሱን ያዢ።»

አዲስ ባልዲ ወጣ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፤ ምንም አይሸትም።

«እማዬ» አለ ማሙሽ በሩ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን እያሻሸ። «ውሃ ጠማኝ።»

ባልዲው በሁለቱ መካከል ሞልቶ ተቀምጧል። እናትና ልጅ ተያዩ።

«ቆይ» አለችው እናቱ። «ቆይ የኔ ልጅ፣ ትንሽ ቆይ።»

ማሙሽ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ጀመረ። ቆቅ ጠርሙሱን ሞላች፣ ከደነች፣ ገለበጠችው። አረፋ የለውም።