አንድ አውራ ጣት፣ ሁለት ሚስማር

የጨርቅ ፋብሪካው ቀላሚ የሞተው በምሳ ሰዓት፣ ከቀለም በርሜሉ ሥር ነው። ካቦው መጀመሪያ የጮኸው «ማሽኑን አጥፉ!» ብሎ ነበር። አለቃ እንዲህ ነው፤ ከሰው ዕቃ ይቀድምበታል።

መርማሪው ሲደርስ ካቦው በሟች ሚስት ላይ ጣቱን ቀስሮ ጠበቀው።

«ጌታዬ፣ እሷ ያመጣችውን ምሳ በልቶ ነው የወደቀው። ቀንታ መርዛዋለች።»

«በማን ልቅና?» አለች ሚስቲቱ። ሁለት ፖሊሶች ክንዷን ይዘዋታል። «ሌሊቱንም ቀኑንም እዚሁ ነው። ማታ ለሦስት ሰዓት ብቻ ጋደም ብሎ ይነሳል። እህል አፉ ውስጥ እንደያዘ ያንቀላፋ ነበር እኮ!»

«ውሸቷን ነው! የቀን ሠራተኛ ነው። የት እንደሚያድር እሷ ትወቅ።»

መርማሪው ሹመት ሁልጊዜ በጎኑ የሚያልፈው ሰው ነበር። ባለወንበር ጣት ሲቀስር እሱ የሚያየው የተቀሰረበትን ሳይሆን ጣቱን ነው። ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ሐኪም ዞረ።

«መርዝ ነው?»

«ምርመራው ሳያልቅ አልምልም። ግን ልቡ ይመስለኛል። ሰው ሲተኛ የደም ግፊቱም አብሮት ጋደም ይላል፤ የሱ ጋደም አላለም። እንቅልፍ ካላገኘ ደም ሥሩ እንደማይችለው ጽፌ፣ ወረቀቱን ለካቦው በእጁ ሰጥቼዋለሁ።»

ካቦው ሳል ያዘው።

በሩ አጠገብ ሠራተኛ ሁሉ ሲገባ ቁጥሩ የተጻፈበትን እንጨት ሚስማር ላይ የሚሰቅልበት ሰሌዳ አለ። መርማሪው አፍንጫው እስኪነካው ተጠግቶ አየውና የቀኑንም የሌሊቱንም ሠራተኛ አስጠርቶ ሰበሰበ።

«የሌሊቱ ቀላሚ ማነው?»

«እኔ» አለ የካቦው ሚስት ወንድም።

«እጅህን አሳየኝ።»

«እጄ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ጉዱም እሱ ነው። የሟች እጅ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ነው፤ ያንተ ጥፍር የሙሽራ ይመስላል። ቁጥርህ ላይ ግን ሰማያዊ አውራ ጣት ታትሟል፤ መሐሉ ላይ የቁስል ስንጥቅ አለው። የሟች ቁጥር ላይም ያው ስንጥቅ። የሟች ጣት ላይም ያው።»

ሰውዬው ወደ ካቦው አየ። «ጋሼ፣ ‹አንተ ተኛ፣ እሱ ይሠራልሃል፤ እንቢ ካለ አባርረዋለሁ› ያልከኝ አንተ ነህ!»

«እኔ በእጄ አልነካሁትም!» አለ ካቦው።

«እጅህማ ንጹሕ ነው» አለ መርማሪው። «ልቀቋት። ካቦውን ያዙት።»

ሚስቲቱ ክንዷን አሻሸች። ሁለቱንም ቁጥሮች ከሚስማራቸው አውርዳ ምሳ ዕቃው ውስጥ ከተተች።

«ዛሬ ቀሪ ነው በሉ» አለች። «ተኝቷል።»