ለአንድ የፊት ወንበር

ማተቡን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ዳኮታ የሚባለው አውሮፕላን ከቴፒ ሜዳ ተነሥቶ ጫካው ከበታቻችን እንደ ጎመን ማሳ ሲያንስ፣ አሰጋሽ ልጇን ሙቀት እንዳያፍናት ብላ አንገቷ ላይ ገለጥ አደረገቻት። ከሕፃኗ አገጭ ሥር ገና በወዝ ያልለሰለሰ አዲስ ጥቁር ክር ታስሯል። ደግሜ አየሁት። ትንሽ ቀደም ብሎ በሜዳው ላይ በጆሮዬ የሰማሁት ሌላ ነበርና።

እናቶችና እኅቶች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ለወሬ አይደለም። ሰው የጎረቤቱን ወንበር ሲመኝ ወንበሩን እንጂ ወንበሩ ያስፈለገበትን ችግር እንደማያይ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

አሰጋሽና ሣራ በቡና ልማቱ ካምፕ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ነበሩ። የአሰጋሽ ባል ዳንኤል መጋዘን ጠባቂ፣ የሣራ ባል ጓድ እንድርያስ ደግሞ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነው። የባሎቻቸው ሹመት አልለያያቸውም። እሳት ይጫጫራሉ፣ ጨው ይበዳደራሉ፣ አብረው ይስቃሉ። በአንድ ሳምንት ወለዱ፤ አሰጋሽ ሴት፣ ሣራ ወንድ።

ከዚያ በኋላ ሣራ በሯን ዘጋች። ለጥየቃ የሄደ ሁሉ የልጁን ፊት ብቻ አይቶ ይመለሳል። ከአገጩ በታች እንደ ችግኝ ተጠቅልሎ ነው የሚገኘው። «ተኝቷል» ትላለች፤ ሁልጊዜ ተኝቷል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ልጇን ይዛ በአውሮፕላን አዲስ አበባ መመላለስ ጀመረች። የምትቀመጠው ከሁሉም ፊት ነው፤ ከፊት ለፊቷ ግድግዳ እንጂ ሌላ ወንበር የለም፣ የልጁን ቅርጫት ከእግሯ ሥር ዘርግታ ታስቀምጣለች። አሰጋሽ ስትሳፈር ከሜዳው አጥር ሆና ብዙ ጊዜ አይታታለች፤ የቀረውን ከተሳፋሪዎች ሰምታለች።

የቡና ፍሬ በሽታን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሲጀምር በአረንጓዴው ፍሬ ላይ ያለች ነጥብ ናት፤ ዞር ብላችሁ ስትመለሱ ቅርንጫፉ በሙሉ ጠቁሯል። የአሰጋሽም ቅናት እንዲሁ ነበር።

«አየሻት እትዬ ንጋቷ? ዛሬም በረረች» ትለኛለች፤ እኔም እዚያው ካምፕ ነዋሪ ነበርኩና። «ልጁን ለእኛ ለማሳየት ትጠየፋለች፤ ለሰማይ ግን ታሳየዋለች።»

«ጉዳይ ቢኖራት ነዋ።»

«ፒያሳ ኬክ መብላት ነው ጉዳይዋ! ከፊት ተቀምጣ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ልጇን በቅርጫት አስተኝታ። እኔ ለልጄ የሙዝ ካርቶን ነው ያነጠፍኩላት። አብዮቱ እኩል አድርጎን የለም እንዴ?»

«አንቺ ሴት» ይላታል ዳንኤል ከጓዳ፣ «አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር አንገትሽ ይረዝማል። ቀጭኔ ሆነሽ ልትቀሪብኝ ነው።»

እርሱ ይቀልዳል፤ እርሷ ግን እንቅልፍ አጣች። ወተቷ ቀነሰ። ልጇን ስታጠባ ዓይኗ በመስኮቱ ወደ ሣራ ደጅ ነው። በመጨረሻ ዳንኤል ታክቶት «አዲስ አበባ ያለችው እናቴ የልጅ ልጇን ትይልኝ» ብሎ ትኬት ቆረጠላት። አሰጋሽ ትኬቱን ስትቀበል ስለ አማቷ አንድ ቃል አልተናገረችም። «ሣራ በምትሄድበት ቀን ነው አይደል?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

እኔም በዚያው ቀን ተሳፋሪ ነበርኩ። እናቴ ታማብኝ ሚዛን ተፈሪ ሰንብቼ በዋዜማው ነበር የተመለስኩት። ቤት ስገባ ጅማ የምትማረው ልጄ ጉንፋን እንደያዛት ሰማሁ። ሌላ እናት ዝንጅብል ትልካለች፤ እኔ ግን ሳንባዋን መትቷታል ብዬ ተነሣሁ። እንዲህ ነኝ። ደመና ሳይ ጎርፍ፣ ጎርፍ ሳይ ሬሳ ይታየኛል።

ክረምት ስለነበር መንገዱ በጭቃ ተዘግቷል። ሜዳው ላይ ሰውም ዕቃም በሚዛን ይመዘናል። ያን ጊዜ ትኬት ላይ የወንበር ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረም። ተሳፋሪውን የሚደለድለው ጋሽ ዓባይነህ ነበር፤ ሥርዓቱም ሕፃን የያዘች እናት ከፊት እንድትቀመጥ ነው፣ ለቅርጫት የሚሆን ቦታ ያለው እዚያ ብቻ ነውና። በዚያን ቀን ግን ሕፃን የያዙት ሁለት ሆኑ።

«የማንኛችሁ ያንሳል?» አለ ጋሽ ዓባይነህ።

«እኩያ ናቸው» አለች ሣራ። ከዚያ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግን ጋሽ ዓባይነህ፣ እባክዎ የእኔ ልጅ...»

ዞር ብላ አየች። ተሸካሚዎቹ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ሊሸኙ የመጡት ሴቶች ሁሉ ጆሯቸውን አቁመዋል። ነጠላዋን በልጁ ላይ አጠበቀች።

«...ቅርጫቱ ቦታ ስለሚፈልግ ነው» ብላ ጨረሰችው።

«የእኔዋስ ቅርጫት አታውቅም?» አለች አሰጋሽ ሰው እንዲሰማት ጮክ ብላ። «ወይስ ቅርጫት የሚሠራው ለሥራ አስኪያጅ ልጅ ብቻ ነው?»

ሰው ሳቀ። ሊቀ መንበሩም ጋሽ ዓባይነህን ትክ ብሎ አየው። ጋሽ ዓባይነህ ጨነቀው። በደብሩ የሰበካ ጉባኤ አባል ነበርና የሕፃን ዕድሜ የሚለካበት አንድ መለኪያ ብቻ ያውቃል።

«በሉ እንግዲህ፣ ክርስትና ያልተነሣው ይቅደም። ያንቺ ተነሥቷል ሣራ?»

«እኛ ሕፃን አናስጠምቅም ጋሽ ዓባይነህ። አድጎ ሲያምን ነው።»

«እሱማ ለእኔ ልኬት አይሆነኝም። ያንቺስ?»

«የእኔ ገና ናት» አለች አሰጋሽ። «ሰማንያ ቀኗ አልደረሰም።»

«ሰማንያዋ ያልደረሰ! በቃ፣ ይቺ ትቅደም። አይዞሽ ሣራ፣ ከፊት የተቀመጠ ቀድሞ ጅማ አይደርስም።»

ሣራ ቅርጫቷን ለተሸካሚዎቹ ሰጠች። ቅርጫቷ ከዕቃ ጋር ተጫነ፤ እርሷ ልጇን ታቅፋ ከጅራቱ በኩል፣ ጀይላን ከሚባለው የጌጫ የማር ነጋዴ አጠገብ ተቀመጠች። ዳኮታ መሬት ላይ ሲቆም ጅራቱ ዝቅ ስለሚል ወደ ፊት የሚሄድ ዳገት ይወጣል። አሰጋሽ ያንን ዳገት ስትወጣ የሙሽራ አረማመድ ነበራት።

እኔ ከእርሷ ኋላ፣ ከመተላለፊያው ማዶ ተቀመጥኩ። ከፊቷ ያለው ግራጫ ግድግዳ ነው። መስኮቷን ክንፍ ጋርዶታል፤ ሞተሩ ጆሮ ያደነቁራል። ቢሆንም እግሯን ዘርግታ ዞረችና «እግር መዘርጋት ማለት ይሄ ነው እትዬ!» ብላ ጮኸችልኝ። ማተቡን ያየሁት ያኔ ነው።

«አሰጋሽ፣ ይሄ አንገቷ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ፈጥና ሸፈነችው። «ዝም በይ በማርያም! እሑድ በገጠሩ ደብር ያለ ድግስ ነው የተነሣችው፤ ማንም አልሰማም። ሣራ ስንት ጊዜ ስትቀመጥበት ከርማ እኔ አንድ ቀን ብቀመጥ ምን አለበት?»

«የልጅሽን ክርስትና እኮ ነው የካድሽው።»

«ለወንበር እኮ ነው እትዬ! ለሌላ ነገር መሰለሽ?»

ወዲያው ደመና ውስጥ ገባን። አውሮፕላኑ አንዴ እንደ ባልዲ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንዴ ወደ ላይ ይነጥቀናል። እኔ በልቤ የራሴን ተዝካር አውጥቼ ልጆቼን ለዘመድ እያከፋፈልኩ ሳለሁ ከኋላ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። የረሃብ ወይም የእንቅልፍ ለቅሶ አልነበረም። የወለደች ሴት ትለየዋለች፤ የሕመም ጩኸት ነው።

«የቅምጥል ልጅ!» አለች አሰጋሽ። «ወንበር ቢያጣ አገር ያስለቅሳል።»

ጅማ ስንወርድ ሰማዩ ተዘጋና የአዲስ አበባው በረራ ለማግስቱ ተላለፈ። የልጄም ትምህርት ቤት በዚያ ሰዓት እንግዳ አያስገባም ተባልኩ። ሦስታችንም ወይዘሮ የዓለምዘርፍ የምትባል ሴት ቤርጎ ውስጥ ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል ደረሰን።

ሣራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። ልጁ ጡት እምቢ አለ፣ ለቅሶውንም አልተወም።

«ፍቺውና እንየው» አልኳት።

«ይተወዋል እትዬ። አሁን ይተኛል።»

«አይተኛም! ወይ ማጅራት ገትር ነው ወይ አንጀቱ ተቋጥሯል። ፍቺው ነው የምልሽ።»

ያ ጭንቀቴ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመ። ሣራ ጥቅሉን ፈታችው። የልጁ ቀኝ እግር ከጭኑ ጀምሮ በነጭ ጀሶ ተይዟል። ጀሶው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከጫፉ ብቅ ያሉት ጣቶቹ አብጠው፣ በሽታ እንደመታው የቡና ፍሬ ጠቁረዋል።

«እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው የተወለደው» አለች ሣራ ማንንም ሳታይ። «በየሁለት ሳምንቱ ጀሶውን እየቀየሩ እያቀኑለት ነበር። አሁን ካልተቃና ዕድሜ ልኩን ያነክሳል። ስትጓዢ እግሩ ተዘርግቶ ይተኛ፣ አይታጠፍ፣ አይጋጭ ብለውኛል። ዛሬ ጭኔ ላይ ታጥፎ... አውሮፕላኑ ሲወረውረን ከወንበሩ ብረት ጋር ተላተመ።»

«ምነው ለጋሽ ዓባይነህ ብትነግሪው?»

«ምን ብዬ? ያን ሁሉ ሰው ፊት? ‹ጠማማ ወለደች› እንዲሉኝ? አማቴ እንኳ ለሰው አታሳዪው፣ ዓይን ይበላዋል ብላኛለች።»

አሰጋሽ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። ልጇን እጄ ላይ አስቀመጠችና ነጠላ እንኳ ሳትደርብ ወጣች። ከደጅ ድምጿ ተሰማኝ፤ «ጋሪ! ባለጋሪ! ሆስፒታል! ሕፃን ነው፣ ቶሎ በል!» ተመልሳ ልጁን ከሣራ እጅ ተቀበለች። የታመመውን እግር በክንዷ ላይ ዘርግታ ያዘችውና ሁለቱ ተያይዘው ሄዱ።

ብቻዬን ከሕፃኗ ጋር ቀረሁ። ምን ያላሰብኩት አለ? እግሩ ተቆርጧል፤ ጋሪው ተገልብጧል፤ ሰዓት እላፊ ደርሶባቸው በጥበቃ እጅ ወድቀዋል። ሕፃኗ ግን ማተቧን በጣቷ ይዛ በሰላም ተኝታለች።

መሸት ሲል መጡ። የሆስፒታሉ ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ጀሶውን ከላይ እስከ ታች ቀዶ አላልቶለታል። ጣቶቹ ቀልተው ይንቀሳቀሳሉ። «ደሙ ተመልሷል» አለች ሣራ። «ግን የተቃናው ወደ ኋላ እንዳይመለስ በፋሻ ብቻ ነው የያዘው። አዲስ አበባ ሥራውን እንደገና ይጀምሩታል አለኝ። ሌሊቱን እንደታሰረ ቢያድር ኖሮ...» አልጨረሰችውም። ድሬሰሩም አልጨረሰላትም ነበር።

አሰጋሽ ልጇን ከእኔ ተቀብላ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። የሕፃኗን አንገት ገለጠች።

«ሣራ፣ ይኼውልሽ። ልጄ ክርስትና ተነሥታለች። ወንበርሽን ለመቀማት ብዬ ነው የካድኳት።»

ሣራ ማተቡን በጣቷ ነካችው።

«እኔም ሐሜት ፈርቼ ልጄን ደበቅሁ» አለች። «አንድ ቃል ተንፍሼ ቢሆን አንቺም ትለቂልኝ ነበር።»

«እለቅልሽ ነበር?» አለች አሰጋሽ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «እንጃ ሣራ። ዛሬ ጠዋት ብትነግሪኝ ‹ደግሞ ምን ሰበብ አመጣች› እል ነበር መሰለኝ። እንደዚያ ሆኜ ነበር።»

ይህን መልሷን ከሁሉም በላይ ወደድሁት። ሲጸጸት እንኳ ራሱን የማያሳምር ሰው ጥቂት ነው። እናንተም ልብ በሉ፤ ጎረቤታችሁ ከፊት ስትቀመጥ ብታዩ፣ ከመናደዳችሁ በፊት ጥቅሉ ውስጥ ያለውን አታውቁምና ታገሡ። ቀናተኛ ሰው የሌላውን ምቾት ይቆጥራል እንጂ ሕመሙን አይቆጥርም። የታመመ ልጅ ያላችሁም አትደብቁት። እግሩ የታጠፈ ሕፃን የእናቱ ነውር አይደለም፤ ሐኪም የሚያቃናው ነገር ነው። በጥቅል የተሸሸገ ሕመም ለሐሜትም ለምቀኝነትም በር ይከፍታል፤ ልጁን ግን አያድነውም።

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ በሩን አንኳኳች። «ልጆች፣ ሰዓት እላፊ ሊገባ ነው፤ የደጁን በር ልቆልፍ ነው። የቀራችሁ ነገር አለ?»

«የለም እናቴ» አለች አሰጋሽ። ሰፊውን፣ ከግድግዳው በኩል ያለውን አልጋ ለሣራ አነጠፈች። ትራሱን አጥፋ ለልጁ እግር መደገፊያ አደረገችለት። «ነገም ከፊት የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ደልዳዩን ራሴ እነግረዋለሁ። እኔ ከኋላ ከማር ነጋዴው ጋር ነኝ፤ ቢያንስ ማር ያልሰኛል።»

ሣራ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ የአሰጋሽን ልጅ «አምጫት» ብላ ከልጇ ጎን አስተኛቻት። ነጠላዋንም አንሥታ በሁለቱ ሕፃናት ደረት ላይ ብቻ ጣል አደረገች። በፋሻ የተጠቀለለው እግር ሳይሸፈን፣ ለሁላችን እየታየ ቀረ። ከደጅ የወይዘሮ የዓለምዘርፍ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ዞረ፣ መወርወሪያውም ቦታው ላይ ገባ።