ሳይነበብ የቀረው ማስታወቂያ

አምለሰትና ሽመክት የተዋወቁት በአንድ እስክሪብቶ ነው፤ ያውም ሊጣሉበት በደረሱበት እስክሪብቶ።

2009 ዓ.ም. ነበር። ካለፈው ሐምሌ ተኩስ በኋላ የደቡብ ሱዳኗ ጁባ ገና ቀና አላለችም። እሷ ገንዘብ ያዥ የነበረችበት የጉዞ ወኪል ተዘግቷል፤ እሱ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራበት የነበረው ሆቴልም እንደዚያው። አንድ ቀን ጠዋት ቶምፒንግ ሰፈር፣ የአንድ እርዳታ ድርጅት በር ላይ ከተለጠፈ የሥራ ማስታወቂያ ፊት ጎን ለጎን ቆሙ።

«ወንድሜ፣ እስክሪብቶ ታውሰኛለህ? የኔ አልጽፍ አለኝ።»

ሰጣት። መገልበጥ ስትጀምር አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየ።

«ይቅርታ እህቴ፣ እሱን እኮ እኔም ልወዳደርበት ነው። መልሺልኝ።»

«አንድ መስመር ናት የቀረችኝ።»

«አድራሻው ያለው እሷ ላይ ይሆናላ!»

አድራሻ አልነበረባትም። «የአገሩ ዜጎች ብቻ» ትላለች። ተያዩና ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ማስታወቂያ ከታች ወደ ላይ ማንበብ ለመዱ።

አምለሰት የግቢ ጎረቤቴ ናት፤ ንያኩሮን ሰፈር ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ ከበን አራት ቤት ሆነን እንኖራለን። እሷና ሽመክት ማስታወቂያ ለመፈለግ ከተማዋን ተካፈሏት። ቶምፒንግ ለእሷ፣ ሃይ ሲኒማና የኤርፖርቱ መንገድ ለእሱ። ማታ ማታ ሽመክት ከሎሎጎ ሰፈር በእግሩ እየመጣ፣ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው የገለበጡትን ይነባበባሉ። ለጨዋነት ብለው መሃላቸው አንድ ባዶ በርጩማ ያስቀምጣሉ። እኔም ሆን ብዬ በርጩማው ላይ እቀመጥ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ሥራ ፍለጋ በሳምንት ስንት ጊዜ ፀጉር ያስቆርጣል?» አልኩት አንድ ቀን።

«ለኢንተርቪው ነው፣ እትዬ አልጣሽ።»

«የት ተጠራህ?»

«ድንገት ከተጠራሁ ብዬ።»

አምለሰት ደብተሯ ውስጥ ተደበቀች። ጆሮዋ ግን ቀልቶ አይቻለሁ።

ሥራው እንዲህ እንደ ሳቁ በቀላሉ አልመጣም። እሷ ለአንድ ወንበር ስድሳ ሰው የተሰለፈበት ፈተና ላይ ተቀምጣ መጣች። እሱን የጠራው ባለ ሆቴል ባንድ ደመወዝ ዘበኛም፣ ሾፌርም፣ ሒሳብ ሠራተኛም እንዲሆንለት ጠየቀው። ሌላው በር ላይ ዘበኛው «ቡክራ» ይላል፤ ነገ ማለት ነው፤ ነገም ሲሄዱ ቡክራ ነው። አምለሰት ጫማዋን ሁለቴ አሰፍታ ሦስተኛ ወር ያዘች። የመኖሪያ ፈቃዷ በግንቦት መጨረሻ ያበቃል፤ የሚያሳድስላት ቀጣሪ ካልተገኘ ወደ አገር መመለስ ነው።

«ባዶ እጄን ደብረ ታቦር አልገባም» ትላለች ማለዳ ስትወጣ። ሰላምታዋ እሱ ሆኖ ነበር።

ግንቦት በገባ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ሽመክት የአንድ መንገድ ሥራ ተቋራጭ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ አገኘ። ዋው ከተማ ላለው ካምፕ ገንዘብ ያዥ ይፈለጋል። ዲፕሎማ፣ ሁለት ዓመት ልምድ፣ አማርኛና ዓረብኛ። ከታች «የውጭ ዜጎችም ይችላሉ፤ ፈቃዱን ድርጅቱ ይጨርሳል» ይላል። ስሟ ብቻ ነው የቀረው።

ገለበጠው። ማታ ሲያነብላት ግን ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለጠ። አይቻለሁ፤ ተጣብቆበት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዋው በአውሮፕላን የሚኬድበት አገር ነው፤ ክረምት ከገባ መንገዱ ጭቃ ነው። ልጁም «ለደህንነቷ ስል ነው» ብሎ ራሱን አሳመነ። የማን ደህንነት እንደሆነ እኔና እግዜር እናውቃለን።

ሦስት ቀን ቻለ። አርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ግቢ ገባ።

«አምለሰት፣ ያላነበብኩልሽ አንድ ማስታወቂያ አለ።»

ደብተሩን ሰጣት። ከታች ወደ ላይ አነበበች። ከዚያ እንደገና ከላይ ወደ ታች። እኔም ሽንኩርት መላጤን ተውኩ።

«መቼ አየኸው?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ አርብ ነው።»

«ዋው ሩቅ ነው፤ መንገዱም…»

«ስለ መንገዱ አልጠየቅኩህም።»

የቀረው ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እሷ ግን ቀና ብላ አላየችለትም።

«ስንት ሰዓት ይዘጋል?»

«ዛሬ አሥር ሰዓት።»

የትምህርት ማስረጃዋ ያለበትን ፖስታ አንስታ ወጣች። ሊከተላት ሲነሳ «አንተ ቅር» አለችው። የጠራችው ቦዳ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተረኛው፣ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ ሽመክት ግቢው መሃል እንደቆመ ቀረ።

ገና አሥር ሰዓት ሳይሆን ደረሰች። የማመልከቻው ሳጥን ግን ቀድሞ ተነስቷል። «ቡክራ» አላት ዘበኛው።

«ቡክራ የለም» ብላ ከበሩ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነበር፤ አልተነሳችም። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የኃላፊው መኪና ሲወጣ ሄዳ ከፊቱ ቆመች። ሰውየው፣ አቶ ከፍያለው የሚባሉ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ምን ሆነሻል ልጄ? ልትገጪ ነው እንዴ?»

«ማመልከቻዬን ይቀበሉኝ።»

«ሰዓቱ እኮ አልፏል።»

«ሳያልፍ ነው የመጣሁት። ዘበኛውን ይጠይቁት።»

ዘበኛው ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ ጫማው አየ፣ በመጨረሻ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። አቶ ከፍያለው ፖስታውን ተቀበሉ። «ለገንዘብ ያዥ እንዲህ በር የማይለቅ ሰው ነው የሚያስፈልገን» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ሽመክትን ግን አሥር ቀን አላናገረችውም።

እሱ በየማታው መምጣቱን አልተወም። ከግቢው በር አያልፍም፤ የገለበጠውን ወረቀት «ይስጡልኝ» ብሎ ለእኔ ያቀብለኛል። የጁባ አለበት፣ የሩቆቹ የያምቢዮና የማላካል ከተሞችም አሉበት።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ያለው አብዛኛው ከአንተ የሚያርቃት ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

እሷም ፊቷን አዙራ ትቀበለኛለች። ግን አንዱንም አልጣለችም፤ ክፍሏን ስንጠርግ ሁሉም ፍራሿ ሥር ተደርድረው አገኘኋቸው። አየሁ አላልኳትም። እንዴት ችዬው እንደሆነ እንጃ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተጠራች። ተፈተነች፣ አለፈች። ፈቃዷ ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው ቲኬት ተቆረጠላት። የምትሄድበትን ቀን ለሽመክት የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

ኤርፖርቱ በር ላይ ሸሚዙን ተኩሶ ቆሞ አገኘነው። አምለሰት ፊቱ ድረስ ሄደች።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«እንዳትሄጂብኝ።»

«ታዲያ ‹አትሂጂ› ማለት አትችልም ነበር?»

«ብልሽ ትቀሪ ነበር?»

«አልቀርም» አለች። «ግን አትሂጂ ያለኝ ሰው እንዳለ እያወቅኩ እሄድ ነበር። የነሳኸኝ እሱን ነው።»

ሽመክት ተሸካሚዎቹን አየ፣ ሰልፉን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማው ተናገረ።

«አምለሰት፣ አትሂጂ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከንፈሯ ግን ይስቅ ነበር።

«እሄዳለሁ» አለችው። «በየሦስት ወሩ ዕረፍት አለኝ። ሥራ አገኘህም አላገኘህም መጥተህ ትቀበለኛለህ።»

«አግኝቼ ነው የምቀበልሽ።»

እጁን ያዘችው። ከሰልፉ ኋላ ያለ ሰው እስኪቆጣ ድረስ አልለቀቀችውም። ከዚያ ሻንጣዋን አንስታ ገባች። ሁለት ጊዜ ዞራ አየችው። እኔን አንዴም አላየችኝም።