የተወተፈው ቀፎ

ኦቦ ባጫ ከስድስቱ ቀፎዎቻቸው ፊት ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸው ተመቷል። ኅዳር ማለቂያ ላይ ሱሉልታ የገበሬውን መሬት ይወስዳል በተባለው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ እየታመሰች ነበርና ሚሊሻዎቹ ፍርዱን ጨርሰዋል፤ ልጃቸውን ዲሪባን ሸሚዙ ላይ ደም አይተው አስረውታል።

«የቆሰለ ጓደኛዬን ተሸክሜ ነው» ይላል ዲሪባ።

እናቱ ድንቅቱ የመርማሪዋን የሳጅን የወይንሐረግን እጅ ያዘች። «ዛሬ ከወሰዱት አይመለስም። ባሌን ልቀብር ነው፤ ልጄንም ልቅበር?»

ሳጅኗ ወደ ቀፎዎቹ ጎንበስ አለች። የሁሉም አፍ በእርጥብ ሣር ተወትፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የተባይ መድኃኒት ሲረጭ ባሌ እንዲህ ይዘጋቸዋል። የሚረጨው ወንድሜ ቦሩ ነው፤ ማሳችን ድንበርተኛ ነው። ለባጫ ሳይነግረው ረጭቶ አያውቅም። ድንበሩ ላይ ያለውን ይሄን የዛፍ መስመር ቦሩ ሳይመነጥር ያቆየውም ለንቦቹ ብሎ ነው።»

ቦሩ ከለቀስተኛው መካከል ሳቅ አለ። «ሰው ሞቶ ንብ ትመረምሪያለሽ እንዴ? እኔ ባጫን በዚህ ግርግር ካየሁት ሳምንቴ!»

የወይንሐረግ በመስኖ የበቀለው የቦሩ ባቄላ ውስጥ ገብታ ቅጠል አሸተተች። ተመልሳ ከዛፎቹ መስመር የአንዱን ወይራ ግንድ ዳሰሰች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ኦቦ ቦሩ፣ ባጫ ቀፎ የሚዘጉት እርስዎ ሲነግሯቸው ብቻ ነው። ሣሩ ገና እርጥብ ነው። ስለዚህ ትናንት አይተዋቸዋል።»

«እና ብረጭስ?»

«አልረጩም። ቅጠሉ መድኃኒት አይሸትም፤ ቅጠሉን የሚመጠው ተባይ፣ ክሽክሹም በሕይወት አለ። ታዲያ ንቦቹ ለምን ተዘጉ? ወይራው ላይ ሁለት የመጥረቢያ ምት አለ፤ ስብርባሪው ገና አልደረቀም። ንብ እየወጣ እዚህ መጥረቢያ የሚያነሳ የለም። ባጫ የመጥረቢያውን ድምፅ ሰምተው ንቦቹን ሊለቁብዎ ሲያጎነብሱ እርስዎ ከኋላ መቷቸው። ሰልፈኛ ድንጋይ ይወረውራል እንጂ ቀፎ አያዘጋም።»

ቦሩ ዙሪያውን አየ። የሚያግዘው አጣ።

«መሬቱን ዛሬ ነገ ሊወስዱት ነው!» ጮኸ። «ለሚወሰድ መሬት ዛፍ ይጠበቃል? መንጥሬ አንድ አዝመራ እንኳ ልዝራበት ብዬ ነበር።»

«ኤሱማ...» አለ ዲሪባ። አጎቱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጠራበት ስም ነው።

ካቴናው ከዲሪባ እጅ ወጥቶ ቦሩ እጅ ገባ። ቦሩ በእህቱ አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ድንቅቱ፣ ክፈቻቸው። ፀሐይ ወጥቷል፤ ይታፈናሉ።»

ድንቅቱ በአንድ እጇ ልጇን እንደያዘች ሣሩን አንድ በአንድ ነቀለች። ንቦቹ ወጡ፤ ድንበሩን ተሻግረው የወንድሟ ባቄላ አበባ ላይ ሰፈሩ።