የማይቆርጠው መቀስ

ፌንጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከእናቷ ጋር፣ ከልብስ ስፌት ሱቃቸው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። «ፌንጣ» ያሏት አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ነው። እዚህ መሀል እንዲህ ዓይነት ልጅ የለም አይደል? ኧረ አትሳቁ!

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት ልጅ ብቻዋን ልትዘምር ነው። ፌንጣ እኔ ነኝ የምመረጠው ብላ ስትለማመድ ከረመች። የተመረጠችው ግን የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሆነች። ይባስ ብሎ ነጭ ቀሚሷን የምትሰፋላት የፌንጣ እናት ናት!

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ክር ልትገዛ ወጣ አለች። ቀሚሱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ መቀሱም አጠገቡ አለ። ፌንጣ እርር ድብን አለች። «እሷ ከኔ በምን ትበልጣለች?» አለችና ቀጭ! አንዱን እጅጌ ከመሀሉ ቆረጠችው። ወዲያው ደነገጠች። ግን ምን ያደርጋል? የተቆረጠ ጨርቅ ተመልሶ አይገጥም።

እናቷ ስትመለስ ክሩ ከእጇ ወደቀ። «ማነው ይህን ያደረገው?»

ፌንጣ ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። «እኔ ነኝ፣ እማዬ። ግን እግዚአብሔር ሁሉን ያያል ትይኝ የለም? እያየኝ ለምን እጄን አልያዘውም? ክፉ ነገር መሥራት የማልችል አድርጎ ቢፈጥረኝ ምን ነበረበት?»

እናቷ በጣም ተናዳ ነበር። ጥያቄው ግን አንጀቷን በላው። ከመሳቢያው ትንሽ የፕላስቲክ መቀስ አወጣች።

«ታስታውሺዋለሽ? አምስት ዓመት ሲሞላሽ የገዛሁልሽ ነው። ጣትሽን አይቆርጥ፣ ልብስ አያበላሽ። አንቺ ምን አልሽ?»

«የውሸት ነው ብዬ ወረወርኩት።»

«አዎ፣ የአሻንጉሊትሽን ቀሚስ እንኳ አልቆርጥ አለሽ። በኋላ እውነተኛውን ሰጠሁሽ። ልታበላሺበት እንደምትችይ ጠፍቶኝ መሰለሽ? ግን በዚያው መቀስ ለጎረቤታችን ሕፃን ብርድ ልብስ ሠራሽለት፤ ማንም ሳያስገድድሽ። ፈጣሪም የውሸት ልብ አልሰጠንም፣ የኔ ልጅ። ክፉ መሆን የማይችል ልብ ወዶ ደግ መሆንም አይችልም። ዓለም ላይ ስላለው መከራ ሁሉ ብትጠይቂኝ አላውቅም። ይሄን ያህል ግን ይገባኛል።»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«እሱን አንቺ ንገሪኝ።»

ፌንጣ ወደ ልብስ ሳጥኗ ሄደች። ከዚያ የራሷን ነጭ ቀሚስ አመጣች። እሱም ከዚያው ዓይነት ጨርቅ የተሰፋ ነው፤ ደግሞ እንዴት እንደምትወደው!

«ከዚህ እጅጌ ይወጣል?»

«ይወጣል። ቀሚሱ ግን ያልቅለታል።»

«ይለቅ። ብቻ መቀሱን አንቺ ያዥው፤ እኔ ፈራሁ» ብላ እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

እናቷ ያንኑ ትልቁን መቀስ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። በጠመኔ አሰመረችላትና አጠገቧ ቆመች። ፌንጣ የራሷን ቀሚስ ቀስ ብላ ቆረጠች፤ መስመሩንም አልሳተችም።

የጋጋሪው ልጅ ቀሚስ ተሰፍቶ እንዳለቀ ፌንጣ ይዛው ዳቦ ቤት ሄደች፤ እውነቱንም ተናገረች። የጋጋሪው ልጅ መጀመሪያ አኮረፈች። ከዚያ ግን ፌንጣ ከራሷ ቀሚስ የቆረጠችላትን እጅጌ ደባበሰችው፣ ፌንጣንም አየቻት።

«ነገ አጠገቤ ትቆሚልኛለሽ?» አለቻት። «ብቻዬን እፈራለሁ።»

ልጆቼ፣ ፈጣሪ ክፉ መሥራት የሚችል እጅ የሰጠን፣ በዚያው እጅ ወደን ደግ እንድንሠራበት ነው።