በሁለቱ የበር ድምፆች መካከል

መሪጌታ ፍሥሐ ንፋስ መውጫ በሚገኘው ቤታቸው፣ ዜማ ሲያስቀርጹ ከነበሩበት ወንበር ሥር ሞተው ተገኙ። አስም ነበረባቸው። ከኪሳቸው የማይለየው የሚነፋ መድኃኒት ያን ጠዋት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተገኘ፤ ነጭ ብናኝ ለብሷል።

ኢንስፔክተር ርብቃ ስትደርስ ተማሪያቸው ዲያቆን ማሩ ታስሯል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው፤ ከመምህሩም ጋር በዋዜማው ተጣልቷል።

«ስገባ በድን ነበሩ» አለ ማሩ።

«እኔ ከንጋት ጀምሮ ገበያ ነበርኩ» አሉ የመሪጌታ ሚስት ወይዘሮ ደጊቱ። ዓይናቸው ደረቅ ነው። ርብቃ ከመጋረጃው ወዲያ ወዳለው ጓዳ ዘለቀች፤ የተነደፈ ጥጥ ተከምሯል፣ መንደፊያው ደጋንም አጠገቡ አለ።

ልጃቸው አስቻለው የኮምፒውተር መምህር ነው። መቅረጫውን ከፍቶ ወደ ሥራው የሄደው እሱ ነበር። ፖሊሶች ቅጂውን ሰምተው ከዜማና ከሳል በቀር ምንም አላገኙበትም።

«የአባቴን ገዳይ እኔ ራሴ አወጣዋለሁ» አለ።

በማግስቱ ርብቃ ሦስቱን እዚያው ሰበሰበች። አስቻለው በፓይተን ጥቂት መስመር ኮድ ጻፈ፤ የድምፁ ሞገድ በስክሪኑ ተዘረጋ።

«የቤቱ ብቸኛ መግቢያ የሆነው የቆርቆሮ በር ሲጢጥ ባለበት ሁሉ ቀይ ምልክት አቁም» አለችው።

ሁለት ቀይ መስመር ቆመ፦ አስቻለው ሲወጣ፣ ማሩ ሲገባ። ቅጂውም እዚያ ላይ ያበቃል።

«አባትህ የወደቁበትንስ?»

ሦስተኛው መስመር ከማሩ መግባት አሥራ አንድ ደቂቃ ቀድሞ ቆመ።

«ማሩ ሲገባ ትንፋሻቸው ከቆመ ቆይቷል፤ እሱ አይደለም። በመካከሉ ደግሞ በሩን የከፈተ የለም። አሁን ሞገዱን አጉላው። ከሳሉ ሥር ያሉት ትንንሽ ጫፎች ላይም ምልክት አድርግ።»

ስክሪኑ በቀይ ተሞላ። መስመሮቹ ሁሉ እኩል ተራርቀዋል፤ በየሁለት ሰከንዱ አንድ።

«የአባቴ የልብ ምት ይሆን?» አለ አስቻለው።

«ትንፋሻቸው ከቆመ በኋላም ይቀጥላል። የሚሠራ እጅ ነው። ድምፁን ከፍ አድርገው።»

ድም... ድም... ድም...

አስቻለው በዚህ ድምፅ ነው ያደገው። ወደ መጋረጃው ዞረ።

«መድኃኒቱን የሸፈነው ብናኝ ጥጥ ነው» አለች ርብቃ። «የደበቀው ሰው ከቤት አልወጣም። ከመጋረጃው ጀርባ ጥጥ ይነድፍ ነበር።»

«እማዬ፣ ገበያ ነበርኩ አላልሽም?»

ደጊቱ ቀና አሉ። «መድኃኒቱን ደበቅሁበት፤ ሲያስልም ሰምቼዋለሁ። እኅትህ ውዴ ምጥ ይዟት እዚህ ወለል ላይ ስትጮኽ፣ መኪና ጥራ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ዜማዬን ልጨርስ› አለኝ። ጨረሰ፤ እሷም አለቀች። እኔም ጥጤን ሳልጨርስ አልተነሣሁም።»

ርብቃ ካቴናውን ከማሩ እጅ አውልቃ በደጊቱ እጅ አጠለቀች።

«ይሄን... ላጥፋው?» አለ አስቻለው በሹክሹክታ።

«ማስረጃ ነው። በየምልክቱ ሥር የማን ድምፅ እንደሆነ ጻፍና ፈርምበት።»

ምልክቶቹ ከሦስት መቶ በላይ ናቸው። አስቻለው ወንበሩን ሳበ፤ እናቱ እያዩት፣ በመጀመሪያው የደጋን ምት ምልክት ሥር ስማቸውን ጻፈ።